ፍየሉ ከወጣ በኋላ፦ የአካባቢ ኢኮኖሚ ሚዛንና የአበርገሌ ጥያቄ

የአንድን አገር ኢኮኖሚ ጠቅላላ ድምር ማወቅ አንድ ነገር ነው። ያ ድምር ከየትኛው መሬት እንደ ተነሣ፣ በእነማን እጅ እንዳለፈና በመጨረሻ የት እንደ ቀረ ማወቅ ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ለሪፖርት ይበቃ ይሆናል፤ ሁለተኛው ከሌለ ግን ፕላን የሚባለው ሥራ ጭራሹን ሊጀመር አይችልም። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚህ መሠረታዊ ጉዳይ ሲሆን፣ ጉዳዩን የሚመረምረውም በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር በሚገኘው በአበርገሌ ወረዳ ተጨባጭ ሁኔታ ላይ ቆሞ ነው።

አበርገሌ በአገራችን የታወቀ ስም ነው። ያሳወቀውም ፍየሉ ነው። በተከዜ ሸለቆ ቆላ፣ በድንጋያማ ተረተርና በግራር ቁጥቋጦ መካከል የሚረባው የአበርገሌ ፍየል ለሥጋውም ለወተቱም የሚፈለግ፣ ሙቀትና ጥም የሚችል ዝርያ ነው። ተመራማሪዎች በዚሁ ስም መዝግበውታል፤ በመቀሌ የተቋቋመ የውጭ ገበያ ቄራም በዚሁ ስም ተጠርቷል። እንግዲህ ስሙ ሩቅ ሄዷል። ነገር ግን በስሙ የተሸጠው ሀብት ስንተኛ እጁ ወደ አርቢው መንደር ተመለሰ? በገበያ ስመ ጥር የሆነ ወረዳ የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከተረጂዎች መዝገብ ያልወጣው ስለ ምንድን ነው? አርቢው ሰነፍ በመሆኑ ነው የሚል ካለ የቆላውን ኑሮ አያውቅም። መልሱ በሀብት ዝውውር ውስጥ ስላለ፣ የሀብትን ዝውውር ደረጃ በደረጃ ተከታትሎ የሚያሳይ መሣሪያ ያስፈልገናል። ይህም መሣሪያ የግብዓትና የውጤት ሠንጠረዥ ይባላል።

ሠንጠረዡ ምን ያሳያል?

ሠንጠረዡ ረድፍና ዓምድ አለው። በእያንዳንዱ ረድፍ አንድ የሥራ ዘርፍ ያመረተውን ለማን እንደ ሰጠ ይጻፋል፦ ምን ያህሉ ለሌላ ዘርፍ ግብዓት እንደ ሆነ፣ ምን ያህሉን ቤተሰብ እንደ ተጠቀመበት፣ ምን ያህሉ ከአካባቢው እንደ ወጣ። በእያንዳንዱ ዓምድ ደግሞ ያው ዘርፍ ለማምረት ከማን ምን እንደ ወሰደ ይሰፍራል፦ ዘር፣ መኖ፣ መድኃኒት፣ መጓጓዣ፣ የሰው ጉልበት። ከአንዱ ረድፍ የወጣ ሁሉ በሌላው ዓምድ ገብቶ መገኘት አለበት። ገቢና ወጪው ካልተመጣጠነ ያልተቆጠረ ወይም የተደበቀ ነገር አለ ማለት ነው።

ሐሳቡ የአንድ ሰው የአንድ ቀን ግኝት አይደለም። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ኬኔ በ1758 እ.ኤ.አ. የእርሻ ውጤት በገበሬው፣ በባለ መሬቱና በእጅ ባለሙያው መካከል እንዴት እንደሚዘዋወር በሠንጠረዥ አሳየ። ካርል ማርክስ ይህን መነሻ በማስፋት፣ ኤንግልስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የካፒታል ሁለተኛ ቅጽ፣ የማምረቻ መሣሪያ የሚያመርተውና የፍጆታ ዕቃ የሚያመርተው ክፍል እርስ በርሳቸው ሳይመጋገቡ ኅብረተሰብ ዳግም ምርቱን ሊቀጥል እንደማይችል አብራራ። በሶቪየት ኅብረት የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ አስተዳደር በፖፖቭ መሪነት የ1923–24ን የብሔራዊ ኢኮኖሚ ሚዛን አዘጋጅቶ በ1926 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በሌኒንግራድ የተማረው ወጣቱ ዋሲሊ ሊዮንቲየፍ በ1925 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ሥራ የሚገመግም ጽሑፍ አቀረበ፤ ወደ አሜሪካ ከተሻገረም በኋላ በ1936 እ.ኤ.አ. የዚያን አገር ኢኮኖሚ በሠንጠረዥ አሳየ፤ በ1973 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በመሆኑም መሣሪያውን ፕላንን መመሪያቸው ያደረጉም ሆኑ ገበያን መመሪያቸው ያደረጉ አገሮች ሠርተውበታል። ቁም ነገሩ መሣሪያው ለማን ጥያቄ መልስ እንዲሰጥ ይደረጋል የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ሠንጠረዡ አገርን እንደ አንድ ጎተራ ይቆጥር ነበር። በጎተራው ውስጥ የየትኛው ጓዳ እህል ወደ የትኛው ጓዳ እንደ ተዛወረ አያሳይም። ዋልተር አይዛርድ በ1951 እ.ኤ.አ. የአካባቢዎችን ሠንጠረዥ እርስ በርስ የሚያያይዝ ዘዴ ሲያቀርብ ይህ ጉድለት መታረም ጀመረ። ሆሊስ ቼነሪና ባልደረቦቹ በ1953 እ.ኤ.አ. ኢጣልያን በሰሜንና በደቡብ ከፍለው አጠኑ። ያን ጊዜ የኢጣልያ መንግሥት ለድኻው ደቡብ ልዩ የልማት ገንዘብ መድቦ ነበር። ጥናቱ ያመለከተው ግን ለደቡብ ከሚወጣው ገንዘብ ብዙው በዕቃ ግዥ አማካይነት ወደ ሰሜን ፋብሪካዎች እንደሚያመራ ነው። ገንዘቡ የተመደበው ለደቡብ ሲሆን ሥራ የፈጠረው ግን ለሰሜንም ጭምር ነበር። ይህ ትምህርት ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ የሚቀር አይደለም።

የፍየሉ ረድፍ፣ የፍየሉ ዓምድ

አሁን ወደ አበርገሌ እንመለስና የፍየሉን ዓምድ እንሙላ። ግብዓቱ ምንድን ነው? ግጦሽ፣ ቅጠል፣ ውኃ፣ ጨው፣ እንዲሁም የእረኛው ጉልበት ነው። እረኛው አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነው፤ የምታልበውና ግልገሉን የምትጠብቀው እናቱ ናት። ይህ ጉልበት ደመወዝ ስለሌለው በብዙ ሒሳብ ውስጥ አይታይም። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው፣ በፍየሉ ዋጋ ውስጥ ትልቁን ድርሻ ያዋጣው ሰው ከሒሳብ ውጭ ይሆናል። ከውጭ ተገዝቶ የሚገባው የእንስሳት መድኃኒትና ክትባት ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በጊዜው ካልደረሰ መንጋው ያልቃል።

ረድፉን ደግሞ እንመልከት። ከመንጋው ጥቂቱ ለቤት ወተትና ለበዓል ይውላል፤ ጥቂቱ በአካባቢው ገበያ ለጎረቤት ይሸጣል፤ የቀረው በሕይወቱ ከወረዳው ይወጣል። “በሕይወቱ” የሚለው ቃል ሊሰመርበት ይገባል። ፍየል በሕይወቱ ሲወጣ ሥጋው፣ ሌጦው፣ አጥንቱ፣ ሞራው፣ እንዲሁም ከእነዚህ ጋር ሊመጣ የሚችለው የሥራ ቀን ሁሉ አብሮት ይወጣል። ነጋዴው ይገዛል፣ ከባድ መኪና ይጭናል፣ ቄራ ያርዳል፣ ማቀዝቀዣ ያቆያል፣ አውሮፕላን ያጓጉዛል፣ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ይቀበላል። የአገራችን የውጭ ገበያ ቄራዎች በብዛት የሚገኙት በሞጆና በቢሾፍቱ ነው። የቆዳ ፋብሪካዎችም እንዲሁ በሞጆ፣ በኮምቦልቻ፣ በባሕር ዳርና በውቅሮ ተተክለዋል። በእነዚህ ሁሉ ደረጃዎች የሚጨመረው እሴት በሠንጠረዡ ላይ የሚሰፍረው በሌሎች አካባቢዎች ስም ነው። በአበርገሌ ስም የሚሰፍረው የመጀመሪያው ሽያጭ ብቻ ይሆናል።

አርቢው የሸጠበትን ገንዘብ ይዞ ምን ያደርጋል? እህል ይገዛል። ቆላው ማሽላ ቢያበቅልም ዝናቡ በሚጓደልበት ዓመት ምርቱ ቤተሰብን እስከ መኸር አያደርስም። እህሉ፣ ዘይቱ፣ ሳሙናው፣ ጨርቁና ቆርቆሮው ሁሉ ከውጭ ይመጣሉ። እንግዲህ ገንዘቡ ወረዳው ውስጥ የሚያድረው ጥቂት ሌሊት ነው። ፍየሉ በአንድ በር ወጣ፤ በእርሱ የተገኘው ብርም በሌላው በር ተከትሎት ሄደ።

የፍየሉ ሁኔታ የሌሎቹም ሁኔታ ነው። በቆላው የሚገኘው የዕጣን ዛፍ ይቆሰላል፣ ሙጫው ይለቀማል፣ ተለይቶና ተሸክፎ ዋጋ የሚያወጣው ግን ሌላ ቦታ ነው። ከዚህም በላይ ወጣት የዕጣን ዛፍ ባለመተካቱ ነባሩ ደን እየተመናመነ መሆኑን የደን ተመራማሪዎች ደጋግመው አስጠንቅቀዋል። ተራው ሠንጠረዥ የተለቀመውን ሙጫ እንደ ገቢ ሲመዘግብ የደረቀውን ዛፍ እንደ ወጪ አይመዘግብም። የዋግ ማርም በጥራቱ ይታወቃል፤ ነገር ግን አብዛኛው እንደ ተቆረጠ ይሸጣል። ወጣቱም ራሱ ወደ ሑመራና ወደ መተማ የሰሊጥ እርሻዎች ለአጨዳ ይወርዳል። ጉልበቱ የወረዳው ወጪ ንግድ ሆኗል ማለት ነው።

ተከዜን የወሰድን እንደ ሆነ ነገሩ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። በኅዳር 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ ያለውና 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ነው። ኃይሉ ወደ አገር አቀፉ መረብ ይገባል፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን በአካባቢው ሠንጠረዥ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያመርተው ዘርፍ ከአካባቢው የሚወስደው ሸለቆውንና ወንዙን ሲሆን፣ ለአካባቢው ዘርፎች የሚሰጠው ግብዓት ምን ያህል እንደ ሆነ ሊጠየቅ ይገባል። የዋግ ወጣቶች ከግድቡ ሐይቅ ያገኙት አዲስ ረድፍ ዓሣው ነው። ዓሣ ግን በቆላ ሙቀት አንድ ቀን አያድርም። ማቀዝቀዣ ከሌለ አስጋሪው የሚሸጠው ነጋዴው ባለው ዋጋ ነው፤ በረዶ ያለው ሰው ዋጋ ይወስናል።

ጥሩ የመሰለ ፖሊሲ በአካባቢ ሚዛን ሲታይ

አገር አቀፍ ሚዛን ብቻ የሚያይ ዐይን እንዴት እንደሚሳሳት አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በ2000 ዓ.ም. ጥሬና በከፊል የተዘጋጀ ቆዳና ሌጦ ወደ ውጭ ሲላክ ከፍተኛ ቀረጥ እንዲከፈልበት አዋጅ ወጣ። ዓላማው ትክክል ነበር፦ ጥሬ ዕቃ ልኮ ያለቀለት ዕቃ ከመግዛት ጥገኝነት ለመውጣት፣ በአገር ውስጥ ፋብሪካ እሴት ለመጨመር። በአገር አቀፍ ሠንጠረዥ ላይ ከታየ፣ ከእንስሳት እርባታ ወደ ቆዳ ኢንዱስትሪ የሚሄደው ትስስር ይጠናከራል ማለት ነበር።

በአካባቢ ሠንጠረዥ ላይ ስናየው ግን ሌላ ገጽታ አለው። የአርቢው ሌጦ ገዥ የሚሆነው የአገር ውስጥ ፋብሪካ ብቻ ሆነ፤ ፋብሪካውም ያለው በሌላ አካባቢ ነው። ፋብሪካዎቹ በኬሚካል፣ በውጭ ምንዛሪና በገበያ እጥረት ሲዳከሙ የሌጦ ዋጋ ወደቀ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በበዓል ማግስት ሌጦ የሚገዛ ጠፍቶ በየመንገዱ ተጥሎ መታየቱ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። እንግዲህ የፋብሪካውን ድካም የተሸከመው በመጨረሻ የሰንሰለቱ የመጀመሪያ ቀለበት፣ ማለትም አርቢው ሆነ። ይህን የምንጠቅሰው የእሴት መጨመር መርሕ ስሕተት ነው ለማለት አይደለም። እሴቱ የት ይጨመራል? ኪሳራውንስ ማን ይሸከማል? የሚለው ጥያቄ በአገር አቀፍ ድምር ውስጥ ስለሚሰወር ነው።

አንድ ብር ስንት ብር ይሆናል?

የአካባቢ ሠንጠረዥ ከሚሰጠው ዕውቀት ዋነኛው ይህ ነው፦ አንድ ብር ወደ አካባቢው ሲገባ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ በጠቅላላው ስንት ብር ገቢ ይፈጥራል? ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ለምሳሌ ያህል ከእያንዳንዱ ብር 20 ሳንቲሙ ብቻ በአካባቢው ምርት ላይ ዳግም የሚውል ከሆነ፣ ጠቅላላው ገቢ 1 ብር ከ25 ሳንቲም ላይ ይቆማል። 60 ሳንቲሙ በአካባቢው ከዋለ ግን ያው አንድ ብር 2 ብር ከ50 ይሆናል። የሚለያያቸው የገባው ገንዘብ ብዛት ሳይሆን አካባቢው የሚያፈስሰውና የሚይዘው መጠን ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ስሌት ብቻ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. የትግራይ ክልል የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ ጉልበት ለሌላቸው ችግረኛ ቤተሰቦች ጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ የሙከራ ፕሮግራም በዓቢይ ዓዲና በሕንጣሎ ወጀራት ጀመረ። ዓቢይ ዓዲ ከአበርገሌ ብዙም የማትርቅ የተምቤን ከተማ ናት። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ያሠራው የአካባቢ ኢኮኖሚ ጥናት እንዳመለከተው፣ በዓቢይ ዓዲ የተሰጠው እያንዳንዱ ብር በአካባቢው 1 ብር ከ35 ሳንቲም ገቢ ሲፈጥር፣ በገጠሩ በሕንጣሎ ወጀራት የተሰጠው ብር 2 ብር ከ52 ሳንቲም ፈጥሯል። የአካባቢው አምራች ፍላጎቱን ተከትሎ ምርቱን ካላሳደገና ዋጋ ከናረ፣ እውነተኛው ዕድገት ከዚህ ዝቅ እንደሚልም ጥናቱ አሳይቷል።

ድኻው ያው ድኻ፣ ብሩም ያው ብር ሆኖ ሳለ፣ ልዩነቱ ይህን ያህል የሆነው ብሩ የተዘዋወረበት ኢኮኖሚ የተለያየ ስለ ሆነ ነው። ጎረቤት ካመረተው የሚገዛ ሰው ጎረቤቱን ያሳድጋል፤ ከሩቅ የመጣ ዕቃ የሚገዛ ሰው የሩቁን ያሳድጋል። ስለዚህ ስለ ሴፍቲኔት የሚነሣው ክርክር “ስንት ብር ተሰጠ?” በሚለው ላይ ብቻ ሊቆም አይገባውም። “ብሩ ማንን አሠራ?” የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ሆኖ መምጣት አለበት።

የወሎ ምስክርነት

የአገር ድምር ሙሉ ሆኖ የአካባቢ ጓዳ ባዶ ሊሆን እንደሚችል ከወሎ በላይ የሚመሰክር የለም። ዋግ በዚያን ጊዜ የወሎ አንድ አውራጃ ነበር። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የ1965–66ቱን የወሎ ረኃብ መርምሮ፣ የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ አቅርቦት ጉልህ ቅናሽ ባላሳየበት ዘመን ወሎ እንዳለቀ አመለከተ። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ብዙም አልናረም፤ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይወጣ እንደ ነበርም ተዘግቧል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ የሚገዛበት ገንዘብ ስለሌለው ፍላጎቱ በገበያ ውስጥ ድምፅ አልነበረውም። አርብቶ አደሩም ከብቱን በእህል ሲለውጥ የከብቱ ዋጋ ከእህሉ ይልቅ አሽቆለቆለ። የዘውዱ መንግሥት የአገሩን ድምር እያየ የአካባቢውን ሞት አላየም፤ ወይም ሊያይ አልፈለገም።

ይሁን እንጂ ሒሳቡ ለአንድ ሥርዐት ብቻ የሚቀርብ መሆን የለበትም። ከአብዮቱ በኋላ ማዕከላዊ ፕላን ተቋቋመ፤ ከ1977 እስከ 1986 ዓ.ም. የሚዘልቅ የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድም ወጣ። ዕቅዱ በታወጀበት ወቅት ቆረም ላይ የዋግና የአካባቢው ሕዝብ በረኃብ ይረግፍ ነበር። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በቁርጥ ዋጋ እህል ይሰበስብ፣ የግል ነጋዴውም እህልን ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር እንዳያዘዋውር በኬላ ይታገድ ነበር። ይህ እገዳ እስከ 1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚ ማሻሻያ ድረስ ቆየ። ከተማውንና ሠራዊቱን ለመመገብ የታሰበው ይህ ሥርዐት ትርፍ ካለው አካባቢ ወደ ጎደለው አካባቢ የሚሄደውን የእህል መስመር አጠበበው። በ1977 እና 1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ አብዛኛው ከወሎ፣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲሰፍር ደግሞ ሰው ራሱ ከአንድ ዓምድ ወደ ሌላ ዓምድ እንደሚዛወር ቁጥር ታየ። ፕላን ሳይንስ የሚሆነው ከታች የሚነሣውን እውነት ሲሰማ ብቻ መሆኑን ይህ ታሪክ ያስተምረናል። ይህን ስሕተት አድበስብሶ ማለፍ ስለ ፕላን ጥቅም የሚከራከርን ሰው ሁሉ አንደበት ያሳጣል።

ዛሬስ? የኢትዮጵያ ልማት ምርምር ኢንስቲትዩት የ1998 ዓ.ም.ን ኢኮኖሚ የሚያሳይ የግብዓትና የውጤት እንዲሁም የማኅበራዊ ሒሳብ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ በ2002 ዓ.ም. አውጥቷል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። በእርሱ ላይ ተመሥርተው የተሠሩ ትንተናዎችም ግብርናን በሥነ ምህዳር ቀጣና ከፋፍለው አይተዋል፦ ዝናብ የሚበቃቸው ደጋዎች፣ ድርቅ የሚያጠቃቸው ደጋዎች፣ አርብቶ አደር ቆላዎች እየተባለ። ዋግ ኽምራ በዚህ አከፋፈል ድርቅ ከሚያጠቃቸው ደጋዎች ጋር ይመደባል። ነገር ግን አበርገሌ ቆላ ነው። ፍየሉና ዕጣኑ፣ ዓሣውና ማሽላው ከደጋው ገብስና በግ ጋር በአንድ ሣጥን ሲጨፈለቅ የወረዳው መልክ ይጠፋል። መልኩ ለጠፋ አካባቢ የሚታቀድ ዕቅድ ደግሞ የሌላ ሰው ልብስ ነው።

ወሰን፣ ጦርነትና የተቀደደው ሠንጠረዥ

አበርገሌ የሚለው ስም በአማራ ክልል ብቻ አይወሰንም። በማዶ፣ በትግራይ ክልል፣ ጣንቋ አበርገሌ አለ። ፍየሉ አንድ ነው፤ ሸለቆው አንድ ነው፤ ገበያተኛው ለዘመናት ወዲህና ወዲያ ይል ነበር። ሰቆጣም ቢሆን ከአፋር የሚወጣው አሞሌ ጨው የሚያልፍባት የጥንት ገበያ ናት። የአስተዳደር ወሰን በካርታ ላይ መሥመር ነው፤ የሀብት ዝውውር ግን መሥመሩን ሲያቋርጥ ኖሯል።

በ2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት ይህን ዝውውር በኃይል በጠሰው። ዋግ ኽምራ የውጊያ ቀጣና ሆነ፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሎ ወደ ሰቆጣና አካባቢዋ ተሰደደ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላም ቢሆን ተፈናቃዩ በአንድ ጀንበር ወደ ቀዬው አልተመለሰም፤ ብዙም ሳይቆይ ድርቅ በዋግ ቆላዎች ላይ ተጨመረ። በሠንጠረዥ ቋንቋ ስንናገር፣ ጦርነት የሚያወድመው ያለቀለትን ምርት ብቻ አይደለም። መንጋው ሲዘረፍ ወይም ሲያልቅ የሚቀጥለው ዓመት ግልገል አብሮ ይጠፋል፤ ገበያው ሲዘጋ በመንገዱ ዳር ሻይ የምታፈላው፣ ጋማ ከብት የሚያከራየው፣ ገመድ የሚገምደው ሁሉ ገቢው ይቋረጣል። ሥጋ አምራች ዘርፍ ሲቆም ከእርሱ ጋር የተያያዙት ዘርፎች ሁሉ ይቆማሉ። ለዚህ ነው ሰላም ከልማት ፕላን ውጭ የሚቆጠር የፖለቲካ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሠንጠረዡ የመጀመሪያው ግብዓት የሚሆነው። የሸለቆው ሁለት ዳር ካልተገናኘ የአንዱም ሚዛን አይሞላም።

የልጁ ወተትና የውጭ ምንዛሪው

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ቅራኔ ሳንሸሽ ልናየው ይገባል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳንን አወጀ፤ ዓላማውም በ2030 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር ማጥፋት ነው። የቃል ኪዳኑ የመጀመሪያ ምዕራፍም የተከዜን ተፋሰስ ወረዳዎች መነሻ አደረገ። በሌላ ወገን አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ስለሚያስፈልጋት የቁም እንስሳትና የሥጋ ንግድ እንዲስፋፋ ትፈልጋለች። አንዲት የምትታለብ ፍየል ግን በአንድ ጊዜ በሁለት ቦታ ልትሆን አትችልም። ወደ ገበያ ስትሄድ በአገር አቀፍ ሒሳብ ላይ ገቢ ትሆናለች፤ በቤቱ ሒሳብ ላይ ግን የሕፃኑ ኩባያ ይጎድላል። በገንዘብ የሚለካ ሠንጠረዥ የመጀመሪያውን ያጎላል፣ ሁለተኛውን ያደበዝዛል።

ይህ ማለት አርቢው አይሽጥ ማለት አይደለም። ገንዘብ የሌለው ቤት ለልጁም መድኃኒት አይገዛም። ነገር ግን ተገድዶ መሸጥና አስቦ መሸጥ ይለያያሉ። በድርቅ ወራት እናት ፍየልን በርካሽ ሸጦ እህልን በውድ የሚገዛ ቤተሰብ የዳግም ምርት መሠረቱን እየበላ ነው። ተገቢው ፕላን የሚያልመው ወጠጤው በደህና ዋጋ እንዲሸጥ፣ እናት ፍየሏ ግን በደጅ እንድትቀር ነው። ስለዚህ የአካባቢ ሠንጠረዥ ከብር ዓምድ ጎን የወተት ዓምድ፣ የሥራ ቀን ዓምድ፣ የዛፍና የግጦሽ ዓምድ ሊኖረው ይገባል።

ምን ይደረግ?

አንዳንድ ባለሙያዎች ለአንድ ዞን ወይም ወረዳ ሠንጠረዥ መሥራት የማይቻል ነው ይላሉ፤ መረጃ የለም በማለት። ክርክራቸው በከፊል እውነት አለው። የአገር አቀፉን ቁጥር በሕዝብ ብዛት እያካፈሉ ለወረዳ ማደልም የባሰ ስሕተት ነው፤ እንዲህ ያለው አቋራጭ አካባቢው ከውጭ የሚገዛውን አሳንሶ፣ ራሱን የቻለ አስመስሎ ያሳያልና። ነገር ግን ሙሉ ሠንጠረዥ እስኪገኝ መቀመጥ አይገባም። በገበያ ቀን የሚገባውንና የሚወጣውን መቁጠር፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትንና የነጋዴዎችን መዝገብ መሰብሰብ፣ በየወቅቱ የጥቂት ቤተሰቦችን ገቢና ወጪ መከታተል ይቻላል። በሰቆጣ የደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ የፕላንና ልማት ሚኒስቴርም የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎትም አሉ። የጎደለው ሥራው የእኔ ነው የሚል ነው።

ሌሎች ደግሞ ሁሉንም ነገር በየወረዳው ማምረት ብክነት ነው ይላሉ። ይህም ትክክል ነው፤ በየሸለቆው የውጭ ገበያ ቄራ እንዲተከል የሚጠይቅ የለም። ቄራ ብዙ እንስሳ፣ የማይቋረጥ መብራትና ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ጥያቄው ከሰንሰለቱ ውስጥ የትኛው ቀለበት ያለ ብክነት ወደ ምንጩ ሊቀርብ ይችላል የሚለው ነው። ሌጦን በሥርዐት ገፎ በጨው ማቆየት በሰቆጣ ይቻላል። ማርን አጣርቶ ማሸግ ይቻላል። ዕጣንን በደረጃ መለየት ይቻላል። ለዓሣው በረዶ ማምረት፣ ለድርቅ ወራት መኖ ማከማቸት፣ ክትባትን እስከ ቀበሌ ማድረስ ይቻላል። ለተማሪዎች ምገባና ለሴፍቲኔት የሚገዛው እህልና ጥራጥሬ ከዞኑ ደጋ ወረዳዎች ቢገዛ፣ የደጋው ገበሬ ለቆላው አርቢ፣ ቆላውም ለደጋው ገበያ ይሆናል። በጥናት እንደ ታየው የአንድ ብር ዕድሜ የሚረዝመው በዚህ መንገድ ነው። የዝርያ ማሻሻሉ ሥራም አርቢው ራሱ ባለቤት ሆኖ ሲሳተፍበት እንጂ ከላይ ሲታደለው አይጸናም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሠንጠረዡ በአርቢው ፊት መነበብ አለበት። ፍየሏን ያሳደገች እናት ፍየሏ በየደረጃው ስንት እንዳወጣች፣ ለእርሷ የደረሰው ከዚያ ውስጥ ስንተኛው እጅ እንደ ሆነ ብታውቅ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበሯ ስብሰባ ላይ የምታነሣው ጥያቄ ይለወጣል። ዕውቀት በባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ሲቀር መረጃ ነው፤ በአምራቹ እጅ ሲገባ ግን ኃይል ይሆናል።

አገር ያደገችው ድምሯ ስላደገ ብቻ አይደለም። ድምሩን የሠሩት እጆች ከድምሩ ሲካፈሉ ነው። የአበርገሌ ፍየል ስሙን ይዞ እስከ ባሕር ማዶ ደርሷል። አሁን የቀረው የስሙ ዋጋ ወደ ሸለቆው የሚመለስበትን መንገድ መሥራት ነው። ይህም መንገድ የሚጀመረው በአንድ ቀላል ሥራ ነው፦ የወጣውንና የገባውን፣ የጠፋውንና የቀረውን በእውነት ቆጥሮ፣ በአበርገሌ ስም በረድፉና በዓምዱ በመጻፍ።